ታጥቦ የመጣው ጋቢ

አክስቴ ባሏን በቁሙ ያለቀሰችው ቤቷ እንዳይቃጠል ብላ ነው። ሰውየው ጫካ ገብቷል፤ ጣሊያን ደግሞ ጫካ የገባ ሰው ቤት አይምርም። ስለዚህ ከሽንዲ በኩል መርዶ መጣ ተባለ። አክስቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ አስከሬን የሌለው ለቅሶ ላይ እንደሚደረገው ጋቢውንና እጀ ጠባቡን ይዛ ወጣች፣ አገር አለቀሰ። አለመሞቱን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

የሟች ልብስ ደግሞ ቤት አይቀመጥም፤ ለነፍሱ ይሰጣል። ጋቢውን ወደ እኛ አመጣችው።

እኛ የነበርነው ቡሬ ገበያ ዳር፣ አንድ ሙስሊም ነጋዴ በለቀቁልን መጋዘን ውስጥ ነው። ሰው አሮጌ ልብሱን ይሰጠናል፤ በገበያ ቀን እንሸጠዋለን፤ በሽያጩ ክርና መርፌ ገዝተን ጦርነቱ አካላቸውን ላጎደለባቸው ሰዎች ሙያ እናስተምራለን። ዓይናቸው የጠፋው ገመድ ይገምዳሉ። እግራቸው የተቆረጠው ሸማ መሥራት አይችሉም፣ የሸማኔ ዕቃ በእግር ነው የሚረገጠው፤ ስለዚህ በእጅ በሚዞር የልብስ መኪና ስፌት አስተምራቸው ነበር። ስፌቱን የቀሰምኩት አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ጦርነቱ ትምህርቴን ባያቋርጠው ኖሮ ቡሬ አልገኝም ነበር፤ ይህንንም ለጠየቀኝ ሁሉ እናገር ነበር።

የባንዳው አለቃ የመጣው ገበያው ሊበተን ሲል ነው። የቋሪት ገበሬ ልጅ ነው፤ አገሩንም ለቅሶውንም ያውቃል።

«ተማሪዋ፣ የአክስትሽ ባል ልብስ የቱ ነው?»

«ሊገዙት ነው ወይስ ሊያለቅሱበት?»

«አፍሽን የሳሉልሽ እዚያ አዲስ አበባ ነው?» አለና እጁን ዘረጋ።

ጋቢውን አወረድኩለት። ዘርግቶ አየው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

«እንዶድ ይሸታል» አለ ቀስ ብሎ።

ያኔ ነው እኔም ያየሁት። ጋቢው እንደ ጥጥ ነጥቷል። አክስቴ ቆሻሻ ልብስ ሰጠች ከምትባል ብትሞት ይሻላታል፤ ወንዝ ወርዳ አጥባዋለች። ባል የሞተባት ሴት ግን አርባው ሳይወጣ የራሷን ቀሚስ እንኳ አታጥብም። የጣሊያኑ ካፒቴን መቶ ጊዜ ቢያየው ይህ አይገባውም። ይሄኛው ገብቶታል።

«ሐዘንተኛ እንዶድ ስትወቅጥ የት አገር ታየ?»

«ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «የምንሸጠውን እናጥባለን።»

ወደ ክምሩ ሄዶ ቅቤና ላብ የጠጣ ሸሚዝ በጣቱ አንጠለጠለ። «ይሄስ?»

ከስፌት መኪናው ኋላ፣ አንድ እግሩን ጦር ሜዳ ትቶ የመጣው ተማሪዬ ጎማውን ማዞሩን ሳያቆም መለሰለት።

«ጌታው፣ የሟቹን ነው አስቀድመን የምናጥብ። የሙት ላብ ማን ይገዛል? የቁም ሰው ላብማ እርስዎም ቢሆኑ ይገዙታል።»

በር ላይ የነበሩት ሳቁ። አለቃው አልሳቀም። ካኪ ኮቱን አውልቆ ክምሩ ላይ ጣለው።

«እንግዲያው የኔንም የቁም ሰው ላብ እጠቡልኝ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።» ጋቢውን ይዞ ወጣ።

ጋቢውን ለካፒቴኑ አሳይቶ ነገሩን ካስረዳው የአክስቴ ቤት አለቀ። እሷም አብራ ልታልቅ ትችላለች። ያልኩት እውነት እንዲመስል በማግስቱ ገና ሲነጋ ያለውን ልብስ ሁሉ፣ ኮቱንም ጨምረን፣ ተሸክመን ወንዝ ወረድን። ገመድ ገማጆቹ እንዶድ ወቀጡ፣ ባለ አንድ እግሩ ተማሪዬ ዳር ላይ ተቀምጦ ጨመቀ፣ እኔ አሸሁ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። አለቃው ሲመጣ አጥሩ ዙሪያውን እርጥብ ልብስ ለብሷል።

አጥሩን አየ። ኮቱን አሸተተ፤ ገና ውሃ ይንጠባጠባል። እርጥቡን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጋቢውን መልሶ ሰጠኝ፤ ከዚያ እኔ ብቻ እንድሰማው ጠጋ አለ።

«አክስትሽን ልብስ ማጠቡን ትተው በያት። እኔ አሽትቼ ዝም አልኩ፤ ከኔ በኋላ የሚመጣው ዝም አይልም።»

ለምን ዝም እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ቀን ለማሰብም ጊዜ አልነበረኝም፤ ወደ አክስቴ አገር ሮጥኩ። ቤት የለችም። ወንዝ ዳር አገኘኋት፤ ለእኛ ልትልክልን የቀረውን የባሏን ሱሪ እያጠበች። ከእጇ ነጠቅኳት።

«ምነው ልጄ?»

«በእንዶዱ አወቁብን። ከእንግዲህ ከነቆሻሻው ይስጡ።»

«የባሌን ልብስ ከነእድፉ ለሰው ልስጥ?»

«አዎ። ሞቷል እኮ አሉ።»

ሱሪውን ተቀብላኝ ጎንበስ አለችና ጭቃው ላይ ጎተተችው፤ አገላብጣም ጎተተችው። በለቅሶው ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ዓይኗ ደረቅ ነበር። አሁን ግን እንባዋ ጭቃው ላይ ይወርዳል።