ሉቬኒያ ግሪር ዌበርስ ክሪክ ያመሸችበት ቀን

አክስቴ ሉቬኒያ ግሪር ፈሪ ሴት አልነበረችም። ወንዙ ሞልቶ ቤታችን ሲገባ ዶሮዎቿን በጆንያ ይዛ ጣሪያ ላይ የወጣች፣ ባሏን ኦዴልን ሲያሯሩጠው የነበረውን ውሻ በመጥበሻ የመለሰች ሴት ናት። ዌበርስ ክሪክ ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዓይኗ ከመስኮት አይነቀልም።

እኛ የምንኖረው ካርቨር ላንዲንግ ነው፤ ኢንዲያና ውስጥ፣ ወንዙ ዳር። በአካባቢው ያለን ጥቁሮች በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነበርን። ዌበርስ ክሪክ በአውቶቡስ ቅርብ ነው፤ የነጮች ከተማ ነው። ቀን ቀን ገብተህ ልብስ ታጥባለህ፣ ሣር ታጭዳለህ፣ በሽተኛ ታስታምማለህ፤ ማንም ምንም አይልህም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ውልቅ ትላለህ፤ ጥቁር ሰው እዚያ አያመሽም። አባቴ ልጅ ሳለ ይህንኑ የሚናገር ሰሌዳ መግቢያው ላይ ተተክሎ ነበር። እኔ ስደርስ ሰሌዳው የለም፤ ደንቡ ግን እንዳለ ነው። መኪናው ተበላሽቶበት እዚያ ስለመሸበት አንድ ጥቁር ተዘዋዋሪ ነጋዴ ወሬ ሲነሳ ትልልቆቹ እኛን ወደ ውጭ ይልኩን ነበር።

በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መካከል ሉቬኒያ እዚያ ሚስስ ክሊንገር የሚባሉ ባልቴት ታስታምም ነበር። ልባቸው ደካማ ነው፤ ሕመሙ ሲነሳባቸው ትንፋሻቸው ይቆረጣል፤ ያኔ ደግፎ ቀና የሚያደርጋቸው ሰው ይፈልጋሉ። ጠዋት ትገባለች፤ አሥር ሰዓት ሲቃረብ የልጃቸው ሚስት አርዲስ መጥታ ትተካታለች፤ ሉቬኒያ ወደ አውቶቡሱ ትሮጣለች። ሾፌሩ ሚስተር ኢሊስ የኛው ሰፈር ሰው ስለሆነ በየቀኑ ይቀልድባታል።

"ዛሬም ሩጫ? ለኦዴል እንዲህ ሮጠሽለት ታውቂያለሽ?"

"ለኦዴል ምን አስሮጠኝ? እሱ የትም አይሄድብኝ!"

አውቶቡሱ ይስቃል። ያ የቀኑ የመጨረሻ አውቶቡስ ነበር።

አንድ የኅዳር ቀን መንገዱ በረዶ ሠርቶ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፣ አርዲስ የለችም። ሉቬኒያ ካፖርቷን ለብሳ በሩ ሥር ቆመች።

"ምን ያቁነጠንጥሻል? ቁጭ በይ እንጂ" አሉ ሚስስ ክሊንገር ከአልጋቸው ሆነው።

"አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው።"

"ቢያመልጥሽስ? እዚሁ ታድሪያለሽ። ሶፋው ሰፊ ነው።"

ሉቬኒያ ዞራ አየቻቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ከተማ የኖሩ ሴት ናቸው።

"እዚህ ማደር እንደማልችል ያውቃሉ፣ ሚስስ ክሊንገር።"

ባልቴቷ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር። "እሱ እኮ ለማይታወቅ ሰው ነው። ለመጤ። ላንቺ አይደለም።"

"ለኔ እንዳልሆነ ለማን ብዬ ልንገር?"

 ወዲያው ሳል ያዛቸው፤ ከሳሉ በኋላ ያ የምታውቀው ድምፅ መጣ፤ ደረታቸው ውስጥ ውሃ የሚንቦጫረቅ የሚመስለው። ከንፈራቸው ጠቆረ። ሉቬኒያ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ከጀርባቸው ገብታ ደገፈቻቸው። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። ሚስተር ኢሊስ ጠበቃት፤ እንደገና ነፋ። ባልቴቷ ክንዷን ጨብጠውታል። ልልቀቃቸው ብትል እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ። የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

ትንሽ ሲሻላቸው በትራስ አስደግፋ ስልኩን አነሳች። ሐኪሙ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ ወደ ገጠር ወጥቷል። የልጃቸው የሜልቪን ሱቅ አይመልስም። ወደ ካርቨር ላንዲንግ፣ ስልክ ወዳለበት የሰፈሩ ሱቅ ደውላ ለኦዴል እንዲነግሩት ልታደርግ አሰበች፤ ከዚያ ኦዴል ጠመንጃውን ይዞ ሲመጣ በዓይነ ኅሊናዋ ታያት። ተወችው።

መጨለም ጀመረ። መብራት ካላበራች መድኃኒቱን መለየት አትችልም። ብታበራ ከውጭ ትታያለች። መጋረጃዎቹን ሁሉ ዘጋችና አበራች። የመጨረሻውን ስትስብ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት መጋረጃ ሲነቃነቅ አየች።

ስልኩ ጮኸ። ሜልቪን ነው ብላ ዘላ አነሳችው።

"የክሊንገር ቤት።"

 የሴት ድምፅ፣ ቁጣ የሌለበት፣ "አሁንም እዚያው ነሽ?" አለና ተዘጋ።

ሉቬኒያ መዝጊያውን ቆለፈች። የጓሮውንም። ወጥ ቤት ገብታ የምትይዘው ነገር ፈለገች፤ ቢላዋውን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። በእጇ ላይ ቢላዋ ቢገኝ ምን እንደሚሉ ታውቃለች። መኪና ባለፈ ቁጥር መብራቱ መጋረጃውን ያቋርጣል፤ ባለፈ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። ሚስስ ክሊንገር እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እንዲነቁላት ፈለገች፤ ደግሞም እንዳይነቁባት ፈራች።

በሩ ሲንኳኳ ድፍን ጨለማ ሆኖ ነበር። ሜልቪን ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። የአርዲስ መኪና ተንሸራቶ ቦይ ገብቶ ሲጎትቱ ነው የዋሉት። ሉቬኒያን ሲያይ ደነገጠ።

"እስካሁን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እናትዎ ታመሙ።"

"ሰው አይቶሻል?"

ስለ እናቱ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሉቬኒያ ራሷ ሁሌ ትለው ነበር። እሱም ፈርቶ ነው። አርዲስን ከመኪናው አስወርዶ እናቱ ዘንድ አስገባት፤ ለሉቬኒያ የመኪናውን የኋላ በር ከፈተላት።

"ወለሉ ላይ ተኚና ብርድ ልብሱን ልበሺው።"

"ምን ሰረቅኩና ነው የምደበቀው?"

"ለራስሽ ብዬ ነው። እባክሽ።"

አርባ ዓመት የሞላት፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የምትመራ ሴት ናት። ወለሉ ላይ ተኛች። ብርድ ልብሱ ውሻ ውሻ ይሸታል።

ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ መኪናው ቆመ። መስኮቱ ተንኳኳ፤ የከተማዋ ፖሊስ የቨርን ሆጌት ድምፅ ተሰማ።

"ሜልቪን፣ እናትህ እንዴት ናቸው?"

"ተሽሏቸዋል።"

"ጎሽ።" የባትሪ ብርሃን ብርድ ልብሱ ላይ አረፈ፤ በሽመናው ቀዳዳ አልፎ ዓይኗ ውስጥ ገባ። "አንቺ፣ ተነሺ እንጂ። ወለሉ ይቀዘቅዛል።"

ተነሳች። ማደያው አጠገብ ሦስት ወንዶች እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። ሆጌት ፈገግ ብሏል።

"አውቶቡሱ ያላንቺ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። በየት በኩል ትወጣ ይሆን እያልን ነበር።"

"የእናቴ አስታማሚ ናት፣ ቨርን" አለ ሜልቪን፤ ድምፁ ቀጥኗል።

"ማን እንደሆነች አጣሁት? ከተማዋ እስከምታልቅበት ድልድይ እሸኛችኋለሁ። ሁለተኛ ግን አይለመድ፤ ሰዉን ሁልጊዜ መያዝ አልችልም።"

ሰዉ ያላቸው እነዚያን ሦስቱን ነው። አንዱ ወደ ራሱ መኪና ሲራመድ አየች። እስከ ድልድዩ ድረስ ከኋላቸው የሁለት መኪና መብራት ነበር፤ የትኛው የሆጌት እንደሆነ መለየት አልቻለችም። ድልድዩ ላይ ሁለቱም ዞረው ተመለሱ።

እኔ ልጅ ነበርኩ፣ እነ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ኦዴል ከፓስተሩና ከሚስተር ኢሊስ ጋር ደጅ ቆሞ ሊሄድ ነው፣ አይሄድም እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ነው መኪናው የደረሰው። ሜልቪን ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ።

"ምን አደረጉሽ?" አለ ኦዴል።

"ምንም።"

"ሉቬኒያ! ሰው ይሰማል ብለሽ እንዳትደብቂኝ።"

"ምንም አላደረጉኝም አልኩህ! ይኸው ቆሜልህ የለ!"

ገብታ የተረፈውን ዓሣ ለማሞቅ ምድጃውን ስትለኩስ ክብሪቱ በእጇ ላይ ጠፋ። ሌላ ለኮሰች፣ ጠፋ። ኦዴል ክብሪቱን ከእጇ ወስዶ ለኮሰላት፤ ያን ምሽት ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም። ሚስስ ክሊንገር ራሳቸው የሰፈሩ ሱቅ ድረስ ደውለው አስጠሯት። ሜልቪን ፖሊሱን እንዳነጋገረው፣ ከእንግዲህ በጊዜ እንደሚሸኟት ነገሯት።

"ልቤ እምቢ አለኝ፣ ሚስስ ክሊንገር።"

"እኔንስ ማን ቀና ያደርገኛል?"

 ስልኩን ዘግታ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ትወዳቸው ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ ሚስስ ክሊንገር ሞቱ። የነገራት ሚስተር ኢሊስ ነው። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ስለነበር አልሄደችም።

ከዚያ በኋላ ከወንዙ ማዶ በሌላ ከተማ ባለ ሆስፒታል ጡረታ እስክትወጣ ሠራች። ኦዴልን ቀበረች፤ የልጅ ልጇን ጃኒንን አሳደገች። ጃኒን ደግሞ አስተማሪ ሆና ሥራ ያገኘችው የት ይመስላችኋል? ዌበርስ ክሪክ። ቤትም ገዛች። ሉቬኒያ ሲነገራት የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች።

"እማማ፣ ዘመኑ ሌላ ነው" አለቻት ጃኒን። "ጎረቤቶቼ ሜክሲኮዎች ናቸው። ሐኪሙ ህንዳዊ ነው። የሆጌት የልጅ ልጅ የኔ ተማሪ ነው፤ የፊት ጥርሱ ወላልቆ ሲስቅ ብታዪው!"

"አያቱ የሚስቅ ሰው ነበር" አለች ሉቬኒያ።

ለጃኒን ልደት እኔ ነኝ ይዣት የሄድኩት። እራት ነው የተጠራነው። ጎረቤቶቹ የፖም ኬክ ይዘው መጡ፤ ልጆች ጠረጴዛው ሥር ይሯሯጣሉ። ብርሃኑ ሲደበዝዝ ሉቬኒያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። ከመንገዱ ማዶ የመጣች አንዲት ነጭ ሴትዮ አየቻት።

"ሚስስ ግሪር፣ ገና እኮ ነው። ቡና ላምጣልዎ?"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ" አለቻትና ሳትነሳ ቀረች። ከጠረጴዛው በታች እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር፤ ሴትዮዋ ስለ አትክልቷ ስታወራ ፈገግ እያለች ታዳምጣለች፤ መንገድ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ጣቶቼን ትጨምቃለች። ቡናው ሲያልቅ ጨልሟል። ማንም አልመጣም። ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩን አልፈን ሰፈራችን ስንገባ ኬኩ ጨው በዝቶበት ነበር አለችኝ።

ጃኒን አብራት እንድትኖር ብዙ ለመነቻት። ክፍል አዘጋጅታላት ነበር፤ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል። ሉቬኒያ አመሰገነች እንጂ አልገባችም። ከዚያ እራት በኋላ እስክትሞት ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዳ ጠየቀቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ ለምሳ ነበር።