የአርዲቦዋ ሴትዮ ጆሮ

የሐይቅ ከተማ ሰው "ወፍ ቆጣሪው" ይለኝ ነበር። ስሙን ያወጡልኝ ተማሪዎቼ ናቸው፤ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እነሱ ለፌዝ ያሉትን እኔ እንደ ማዕረግ ተቀበልኩት። ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። በእነዚያ ወራት የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች መጥተው ውሃው ላይ ይሰፍራሉ። የውሃ ዶሮውና ሳቢሳው የእኛው ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ አይጠፉም። እንግዶቹ ግን በጋውን ከርመው ይሄዳሉ።

አንድ ዓይኑ የተሰነጠቀ፣ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ነበረኝ። በደህናው በኩል አያለሁ፣ ደብተሬ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ቀኑን፣ ነፋሱን፣ የወፉን ዓይነት፣ ብዛቱን። እንዲህ እያልኩ ስድስት በጋ ሞላሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም። በሕይወቴ የኔ ብቻ የምለው ነገር ቢኖር እሱ ነበር።

ለውጡ በመጣ በዓመቱ ግድም አንድ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ወደ ትምህርት ቤታችን መጣ። ያኔ የተዘጋ ነገር ሁሉ የሚከፈት ይመስል ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ድምፁን ሳይቀንስ ስለ መንግሥት ያወራል፤ ታስሮ የከረመ ሰው እየተፈታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ባጃጁ ሁሉ አዲስ ፎቶ ለጥፏል። ተመራማሪው በሦስት እግር የሚቆም ትልቅ መነጽርና የድምፅ መቅረጫ ይዟል። የሐይቅንና የአርዲቦን የውሃ ወፎች መመዝገብ እንደሚፈልግ ተናግሮ "እዚህ ወፍ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ርዕሰ መምህሩ ገና ሳያስጨርሰው ወደኔ ጠቆመ።

ደብተሮቼን አወጣሁለት። ቆሞ ገለጥ ገለጥ ካደረገ በኋላ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ያነብ ጀመር።

"ይሄን ሁሉ ብቻህን ነው?" አለኝ።

"ብቻዬን ነው።"

እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታዬ የቆየው ግን ሦስት ቀን ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ አርዲቦ ወጣን። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ በኮረብታ መሀል የተቀመጠ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ፊላ ለብሷል። ፊላው ውስጥ አንዲት ወፍ ትጮኻለች፣ አትታይም። ተመራማሪው መቅረጫውን ከፍቶ፣ እኔ መነጽሬን ደቅኜ እንፈልጋታለን። ከበስተኋላችን አንዲት ሴት ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ውሃው ውስጥ ቆማ ፊላ ታጭዳለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። በፊላው ምንጣፍ እየሠራች ሐይቅ ገበያ እንደምታወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት።

"አንዷን ነው የሚፈልጉ?" አለችን።

"አዎ፣ አንድ ናት" አልኳት፣ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳልነቅል።

"ኧረ ሁለት ናቸው። ወንዱ ይጠራል፣ ሴቷ ከታች ሆና ትመልስለታለች። የሱ ባለቀበት የሷ ስለሚጀምር ነው አንድ የመሰለዎ።"

ፈገግ አልኩ፤ ፈገግታዬ ደግ አልነበረም። እሷ ግን በማጭዷ ጀርባ ውሃውን ጠፍ ስታደርገው ሁለት ወፎች ከሁለት ቦታ ተነስተው በረሩ። ተመራማሪው ቅጂውን መልሶ ከፈተው። እውነትም መሀሉ ላይ ድምፁ ይለወጣል፤ ከተነገረህ በኋላ ሳትሰማው መቅረት አትችልም።

ከዚያ በኋላ ያን ቀን እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም። እሱ ይጠይቃል፣ እሷ እያጨደች ትመልሳለች። "ይቺ ሲነጋጋ ብቻ ነው የምትለው።" "ይቺ ጭልፊት ስታይ ነው።" "ይሄ እንግዳ ነው፤ ከመስቀል ወዲህ የመጣ።" ፊደል አልቆጠረችም። የወፎቹን ስም የምታወጣው ራሷ ነበረች፤ አንዱን "አልቃሻው"፣ አንዱን "በር አንኳኪው" ትለዋለች። እኔ ባለ ሦስት እግሩን ተሸክሜ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ልንሄድ ስንል ተመራማሪው መቅረጫውን ከአንገቱ አውልቆ አጠቃቀሙን አሳያትና ሰጣት።

"መቅረጫው እርስዎ ጋ ይሁን" አላት። ወደኔ ዞሮም "አንተ ደግሞ ድምፁን እየተቀበልክ ኮምፒዩተር ላይ ትገለብጥና ትልክልኛለህ" አለኝ።

ገልባጭ ሆንኩ።

ሰው በሚስት ይቀናል፣ በሹመት ይቀናል፤ በጆሮ የሚቀና ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ እንደሷ ለመስማት ሞከርኩ። የገዳሙ ደወል፣ የመስጊዱ አዛን፣ የታንኳ መቅዘፊያ፣ የራሴ ትንፋሽ፣ ሁሉም ይሰማኛል። ወፎቹ ግን አንድ ላይ የተደባለቀ ጫጫታ ሆኑብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ደግሞ ዱሮ ደስ ይለኝ የነበረው ማየት ራሱ ዋጋ አጣብኝ።

ባለቤቴ ነገሩ ገባት። "ቀንተሃል እንዴ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"በማን?"

"ፊላ በምታጭደዋ ሴትዮ።"

"አታፍሪም?" ብዬ ጮህኩባት። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ።

ሴትዮዋ በገበያ ቀን ምንጣፏን ተሸክማ በትምህርት ቤቱ በኩል ታልፋለች። መቅረጫውን ከመቀነቷ ፈትታ ቤተ ሙከራው በር ላይ ታስረክበኛለች፤ ስትመለስ ትወስደዋለች። በሁለተኛው በጋ፣ ጥር ውስጥ፣ ፊቷ በርቶ መጣች።

"መምህር፣ የዛሬው ሌላ ነው" አለችኝ። "ልጅ ሆኜ፣ እናቴ እያለች፣ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ገና ትናንት። ወላሂ ማጭዴን ጥዬ ነው የቀረጽኩት።"

ወደ ገበያው ስትሄድ በሩን ዘግቼ ከፈትኩት። ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ ድምፅ ነው፤ በባዶ ቅል አፍ ላይ እንደሚነፋ ትንፋሽ። ሦስት ጊዜ ይልና ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ይላል። መላልሼ ሰማሁት። ከደብተሮቼ በአንዱም ውስጥ የለም። መጽሐፌ ውስጥ ካነበብኩት ከአንዱም ጋር አልገጥም አለኝ። ይህን ቢሰማ ተመራማሪው በማግሥቱ ከተፍ እንደሚል አወቅሁ። እሷን ፎቶ ሲያነሳት፣ ስለሷ ሲጽፍ፣ እኔ ደግሞ ባለ ሦስት እግሩን ተሸክሜ ከኋላ ቆሜ ታየኝ። ብርዱን የጠጣሁት እኔ! ደብተር የሞላሁት እኔ!

አጠፋሁት። መጀመሪያ ከኮምፒዩተሩ፣ ቀጥሎ ከመቅረጫው። የአንድ ጣት ሥራ ነው።

ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ "እህሳ፣ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"አልሆነም። ነፋስ ነው የቀረጸው።"

"ነፋስ?" ትንሽ አሰበች። "ነፋስ መሀል ላይ ያርፋል እንዴ፣ መምህር?"

"ማሽኑ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።"

"እንግዲህ ኸይር ነው" አለችና መቅረጫውን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማጨዱን ትታ ጠዋትና ማታ ፊላው ውስጥ እንደዋለች ከሰፈሯ ሰው ሰማሁ። ወፏን አላገኘቻትም።

በዓመቱ ጦርነቱ ከሰሜን እየወረደ መጣ። መጀመሪያ በወሬ፣ ቀጥሎ በተፈናቃይ፣ በመጨረሻ ከአምባሰል ተራሮች ወዲያ በሚያጓራ ከባድ መሣሪያ። ደብተሮቼን ቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩና ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። ደሴ የምንቆይ መስሎን ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን። በአንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ሆነን ከረምን።

ስንመለስ በጋው ገብቶ ነበር። የቤተ ሙከራው በር ወልቋል። ማይክሮስኮፖቹ የሉም። ወለሉ መሀል ሦስት ድንጋይ ተጎልቶ አመድ ተከምሯል፤ ከአመዱ ዳር የአንዱ ደብተሬ ሽፋን ግማሹ ተርፏል። የሰው ሬሳ በተነሳበት ከተማ ለደብተር ማልቀስ አሳፈረኝ። ሳላለቅስ ወጣሁና እግሬ ወደ አርዲቦ ወሰደኝ።

ፊላው ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ከስታለች።

"አንቱ፣ አሉ እንዴ! አልሐምዱሊላህ!" ብላ ውሃውን እየረገጠች መጣች። ልጆቼን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ደብተሮቼ መቃጠላቸውን ነገርኳት። እሷ አልሸሸችም፤ አማቷ መራመድ አይችሉም፣ ጥላቸው መሄድ አልሆነላትም። ላሟን ወስደውባታል። የእህቷ ልጅ የገባበት አልታወቀም። መቅረጫውን በፌስታል ጠቅልላ ፊላው ሥር ደብቃው ባትሪው ሞቷል።

"ወፎቹስ?" አልኳት። ከዚያ ሁሉ በኋላ የጠየቅኩት ይህን ነበር።

"መድፉ የጮኸ ለታ ሁሉም አንዴ ተነሱ፣ ሰማዩ ጠቆረ። ዘጠኝ ቀን ውሃው ኦና ሆነ። መጀመሪያ የተመለሰው የውሃ ዶሮው ነው። ከዚያ ዳክዬዎቹ መጡ። ሳቢሳው ፈርቷል፤ ዛሬም በሩቅ ነው የሚቆም።" ማጭዷን ከእጅ እጅ አዛወረች። "ለማጨድ የወረድኩ እየመሰልኩ በየቀኑ እመጣ ነበር። ቤት ብቀመጥ ልቤ ይፈነዳ ነበር።"

እፍረቴን ልናገር፤ ያን ጊዜም ቀናሁ። ዘጠኝ ቀን ባዶ የሆነውን ውሃ እሷ አይታዋለች፣ እኔ አላየሁትም። ላም የተወሰደባትን፣ ዘመድ የጠፋባትን ሴት ፊት ለፊት ቆሜ ቀናሁ። ያኔ ራሴን ጠላሁት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ያ ድምፅ ነፋስ አልነበረም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

አልገባትም። "ተሳስተው?"

"አይደለም። አውቄ ነው። ቀንቼ።"

ማጭዷን ዝቅ አደረገች። ከዚያ "ሦስት ሳምንት እብድ መሰልኩ እኮ!" አለች። "ባሌ 'ጂን ለክፏታል' አለ። እኔም ጆሮዬን ተጠራጠርኩት። ከዚያ ወዲህ የሰማሁትን ሁሉ 'እውን ሰምቼው ነው?' እላለሁ።" ፊላዋን መሰብሰብ ጀመረች። "ደብተርዎን ያነደዱት ሰዎች ምን እንደሆነ አላወቁም። አንቱ ግን አውቀው ነው።"

ያጨደችውን አስራ፣ ተሸክማ ሄደች። ድምፁን እንዳጠፋሁ እንጂ ጆሮዋን እንደጎዳሁ እስከዚያ ቀን አላሰብኩም ነበር።

ኔትወርክ ሲመለስ ለተመራማሪው ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። "ዳግመኛ ድምፁን እንዳትነካ" ብሎኝ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን የምትልክለት ኮምቦልቻ የምትማረው የሴትዮዋ ልጅ ናት። እኔ አዲስ ደብተር ገዛሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

በሚቀጥለው በጋ አንድ ሼህና አንድ ቄስ ሽማግሌ ልኬ ይቅርታ ለመንኳት። ሽማግሌዎቹ መልሷን ሲያመጡ እየሳቁ ነበር። "ይቅር ብያለሁ፣ አላህም ይቅር ይበል። መቅረጫዬ አጠገብ ግን እንዳይደርሱ" ብላለች።

ያቺን ወፍ እስካሁን የሰማት የለም። ምን እንደነበረች አላውቅም። አንዳንዴ ቅል የሚነፋ ልጅ ስሰማ ቆሜ እስኪያርፍ እቆጥራለሁ።

ባለፈው ጥር ተማሪዎቼን ይዤ አርዲቦ ወጣሁ። ሴትዮዋን አስቀድሜ አስፈቅጃት ነበር። ልጆቹ ከበቧት፤ እኔን በክፍል ውስጥ ጠይቀውኝ የማያውቁትን ጠየቋት። ሐሜት የሚያወሩ ይመስል ትነግራቸዋለች፤ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚዋሽ፣ ማን ፈሪ እንደሆነ። ይስቃሉ። የቅናቱ እሳት ደረቴ ውስጥ ሲነሳ ተሰማኝ፤ አልጠፋም፣ የሚጠፋም አይመስለኝም።

አንዲት ተማሪ ውሃው ላይ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ዳክዬ አሳይታ "ይሄስ ምንድን ነው?" አለቻት።

"ዝም ያለውን እኔ አላውቅም" አለች ሴትዮዋ። በአገጯ ወደኔ አመለከተች። "በዓይን የሚታየውን መምህራችሁን ጠይቁ።"

ልጅቷ ወደኔ መጣች። መነጽሩን አንገቷ ላይ አጥልቄላት የክንፉን ነጭ መስመር እንዴት እንደምትፈልግ አሳየኋት። አግኝታው "አየሁት!" እያለች ሳለ ከፊላው ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሴትዮዋ አዞሩ። እኔም አዞርኩ።