ጉዴና የፈርዖን ምርቃት

ጉዴ ቦጂያ በሥራ ቀን የጤና ጣቢያ ነርስ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ ናት። እንግዳ ሰባኪ በአማርኛ ይናገራል፤ እሷ ጎኑ ቆማ ወደ ኦሮምኛ ትመልሳለች። ታዲያ የኛ አገር አስተርጓሚ ቃል ብቻ አይመልስም፤ ሰባኪው እጁን ሲያነሳ ያነሳል፣ ሲያለቅስ ያለቅሳል። ጉዴማ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ከአንድ ዘላይ ወንጌላዊ ጋር ዘልላለች! ባሏ ሚልኬሳ የሚገባበት ጠፍቶት ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሠራ ማንም ከማይኩ አላነሳትም።

በ1998 ዓ.ም. የከተማችን ተማሪዎች በፖሊስ ታፍሰው ከታሰሩ ሦስት ሳምንት አለፋቸው። እናቶቻቸው በሥራ ቀን ሁሉ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ይህ ያላማራቸው የመንግሥት ሰዎች የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌ ኦቦ ኤጄታን ሳያነጋግሩ አልቀሩም። ሽማግሌው እሁድ ጠዋት ጉዴን ጥግ ጠርተው፣ "እህት ጉዴ፣ የዛሬው ስብከት እናቶቹ አመስግነው ቤታቸው እንዲገቡ ነው። አደራ፣ ለስለስ አድርጊው። አለዚያ ማይኩን ሌላ ሰው ይይዘዋል" አሏት።

ከአዲስ አበባ የመጡት ፓስተር ማዕረግ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ አሥርን ገለጡ። ሙሴ ከልጆቻችን ጋር እንሄዳለን ሲል፣ ፈርዖን ልጆቻችሁን ከለቀቅሁ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን ብሎ የመለሰበት ቦታ ነው። ፓስተሩ ድምፃቸውን አለስልሰው፣ "አያችሁ? ተቆጥቶም እንኳ መረቃቸው። ገዢ ሲመርቅ አሜን ብሎ ቤት መግባት ነው" አሉ።

ምርቃት? የጉዴ ደም ፈላ። ፊት ወንበር ላይ ሁለት ልጆቿ የታሰሩባት አዴ ሴና አፍ አፏን ታያታለች። ምስኪን፣ አሜን ልትል ተዘጋጅታለች።

ጉዴ መጀመሪያ የፓስተሩን ቃል አንድም ሳታጎድል መለሰች። ቀጥላ፣ "ይህ የሳቸው ነው። አሁን ፈርዖንን ስሙት" አለችና ወገቧን ይዛ፣ ከንፈሯን ጠምዝዛ፣ በኦሮምኛ አምባረቀች፦ "ልጆቻችሁን? እኔ? እሱን ያደረግሁ ቀን እግዚአብሔር ይከተላችሁ!"

አዳራሹ "ኡ!" አለ። ይህን ድምፅ ማን ያጣዋል? ሦስት ሳምንት ጣቢያው በር ላይ ከፖሊሶቹ የሰሙት ነው።

ኦሮምኛ የማያውቁት ፓስተር ግራ ገባቸው። "ምን አልሻቸው?"

"ፓስተር፣ ሰውየው እያፌዘ ነው እንጂ እየመረቀ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ያንብቡት፤ ወንዶቹ ብቻ ይሂዱ ብሎ ከፊቱ አስባረራቸው።"

ፓስተሩ መጽሐፉ ላይ አጎነበሱ። አንዴ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

ኦቦ ኤጄታ ግን ተስፈንጥረው መድረኩ ላይ ወጡ። "በቃሽ! ማይኩን አምጪ!"

"እንኩ። እኔ ፈርዖንን አላሳምርም!" መፍራቱንስ ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ፍርሃቷን በለጠው።

ኦቦ ኤጄታ ማይኩን ይዘው፣ "መርቋቸዋል፤ አሜን በሉ!" አሉ በኦሮምኛ። አንድም ሰው አሜን አላለም። አዴ ሴና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

"ወዴት ነው? ስብከቱ መቼ አለቀ!" ብለው ጮኹ ኦቦ ኤጄታ።

"ልጆቼ ጋ" አለች፣ ዞር እንኳ ሳትል።

እናቶቹ ተከተሏት፤ ጉዴም ከመድረኩ ወርዳ ከኋላቸው ወጣች። ትንሽ ቆይቶ አባቶቹም አንድ ሁለት እያሉ ተነሱ። ያን እሁድ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ መቀመጫ ጠፋ።