የበቀለው ግድግዳ

ሳቢሃ የመረገችውን ግድግዳ ያላየ ሰው፣ ግድግዳ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ሄርማታ ሰፈር ውስጥ አርባ ዓመት አጥር ተጋርተን ኖረናል። እኔ ወርቅውሃ ከፍርድ ቤት ታይፒስትነት ጡረታ ወጣሁ፣ እሷ ደግሞ ቤቷን ስታስተዳድርና የሰፈሩን ግድግዳ ስትመርግ ኖረች። እንጀራዬ ብላ አይደለም፣ ስለምትወደው ነው። ዝናቡ አባርቶ መጸው ሲገባ፣ በየጓሮው የቡናው ፍሬ መቅላት ሲጀምር፣ ክረምት ግድግዳውን የላጠበት ሁሉ ሳቢሃን ይጠራል። መዳፏን ውሃ ነክራ ጭቃውን ስትዳብሰው የሕፃን ፊት የምታጥብ ይመስል ነበር። ምላሷ ግን አይጣል ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው የመረገልኝን ማድ ቤት ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ይሄን የሠራው ሰው ተጣልተሽው ነው?» አለችኝ።

ባሏ ሙሀጅር የቡና መጋዘን ሚዛን ሠራተኛ ነበር። እኩያዬ ስለሆነ አንቱ አልለውም። ቡና ላይ እጁ ሌላ ነው፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ እርጥብ ይሁን ደረቅ ይነግራችኋል። የቤት ሥራ ላይ ግን ሚስማር ትቶ አውራ ጣቱን የሚመታ ሰው ነው። ከአባቱ የወረሱት ባለ እንጨት በረንዳ አሮጌ ቤት በየዓመቱ ጥገና አያጣም። እሷ ታዛለች፣ እሱ ውሃና አፈር ያመላልሳል፣ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። ሁለቱም ከዓመቱ ሁሉ የሚወዱት ያንን የጥገና ወር ነበር።

ካቻምና ሰኔ ላይ ሳቢሃን ስትሮክ መታት። ተመስገን ነው፣ ነፍሷ ተረፈች። አንደበቷም ቀስ በቀስ ተፈታ። ቀኝ እጇ ግን አልታዘዝ አለ። ልጇ አፊፋ ቦሳ ኪቶ ወደሚገኘው ብሎኬት ቤቷ ወሰደቻት። አፊፋ ደህና ልጅ ናት፣ ሐሜት የለብኝም፣ እናቷን እንደ እንቁላል ነው የያዘቻት። ሳቢሃ ግን ሴራሚክ ወለል ላይ ወንበሯን አስጠግታ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ መዋል ሆነ ሥራዋ። ማንንም ምንም አትጠይቅም። እኔ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ተሸክሜ ሄጄ ስዘረግፍላት «እሺ» ትለኛለች። ሳቢሃ እሺ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ ነው የተመለስኩት።

ነሐሴ ላይ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጭቃው ተገሽልጦ ወደቀ። ሙሀጅር ሄዶ ነገራት።

«ይፍረስ» አለች። «የሚመርገው የለም።»

አፊፋም የልቧን ተናገረች። «አባዬ፣ ኡሚን እርጥብ ቤት ውስጥ አላስተኛትም። እስከ መስከረም መጨረሻ ግድግዳው ተመርጎ ከደረቀ ትመለስ። ካልሆነ ቤቱ ይከራይና አንተም እኛ ጋ ትገባለህ። ማሎ፣ እባክህ አባዬ፣ ከዚህ በላይ አትጨቅጭቀኝ።»

እንቁጣጣሽ እንዳለፈ ሙሀጅር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ግቢው ውስጥ አፈር መቆፈር ጀመረ። በአጥሩ በኩል፣ «ቆይ፣ የሰፈሩን ሴቶች ልጥራልህ» አልኩት።

«አይሆንም» አለኝ። «ሌላ ሰው ከመረገው የሰው ቤት ይመስላታል። ወላሂ እኔው ነኝ የምሠራው።»

«መርገህ ታውቃለህ?»

«አርባ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ።»

እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳኛ ሲፈርድ አይቻለሁ፣ ዳኛ ግን አልሆንኩም። ይህን ልለው አልኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ለማያውቅ ልንገር። የምርጊት ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካና፣ ጠዋትና ማታ እየተገለበጠና እየተረገጠ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆያል። ጭዱ የሚበሰብሰው፣ ጭቃውም የሚጣበቀው ያኔ ነው። ጭዱ ውስጥ ፍሬ ቀርቶ ከሆነም እዚያው በቅሎ፣ እዚያው ተረግጦ ይሞታል። ሙሀጅር ግን ያቺ የአፊፋ ቀነ ገደብ ዓይኑ ላይ ነበረች። ሁለት ቀን አቡክቶ ሥራ ገባ። ከከተማችን መርካቶ ያመጣው ጭድ በደንብ ያልተወቃ ኖሯል፣ ዝናቡም ገና ጨርሶ አልወጣም ነበር።

አራት ቀን መረገ። እጁ ተላልጦ ማንኪያ መያዝ አቃተው። ሲጨርስ ጠርቶ አሳየኝ። ወጣ ገባ የበዛበት ግድግዳ ነበር፣ ግን ቆሟል። «ጎሽ!» አልኩት፣ ከልቤ ነው። ያን ዕለት በረንዳው ላይ የተጠበሰ በቆሎ እየበላን ሳቢሃ የምትተኛበትን አልጋ ወዴት እንደሚያዞረው ሲነግረኝ አመሸ።

ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት «ወርቅዬ! ነይ!» ሲል ሰማሁ። ከድምፁ ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን እንኳ ሳላደርግ ሮጥኩ። ግድግዳው አረንጓዴ ሆኗል። ከታች እስከ ጣሪያው ሥር ጤፍ በቅሎበታል፣ ቀጭን፣ ለምለም፣ ንፋስ ሲገባ የሚወዛወዝ። ሳቅ አፈነኝ። ወዲያው ግን ሙሀጅር አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና በዚያ በተላላጠ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ነቅዬ እንደገና ልምረገው ብል አይደርቅልኝም» አለ። «በቃ፣ ቤቷን አሳጣኋት።»

ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ማየት ያስፈራል። ጤፉን መንቀል ጀመርኩ፣ እሱም ተነስቶ አብሮኝ ነቀለ። በነቀልን ቁጥር ጭቃው አብሮ ይመጣል። እንዲህ እያለን ደጅ ባጃጅ ቆመ። አፊፋ ቀኑ ሳይደርስ ግድግዳውን አይታ ልትቆርጥ እናቷን ይዛ መጥታለች።

ሙሀጅር ሮጦ በሩ ላይ ተገተረ። «አትግቡ፣ ገና እርጥብ ነው» አለ። አፊፋ በክንዱ ሥር ሾልካ ገባች።

«ኩን ማሊ?» አለች ደንግጣ። «ይሄ ምንድን ነው አባዬ? ግድግዳ ነው ማሳ?»

ሳቢሃ ከዘራዋን ተደግፋ ቀስ እያለች ገባች። ግድግዳው ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ አየችው። ከዘራውን ለልጇ ሰጠችና ግራ እጇን ዘርግታ ሣሩን ዳበሰችው።

«ጭቃው ስንት ቀን ቦካ?» አለች።

ከሰኔ ወዲህ አፏን ከፍታ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

«ሰባት» አለ ሙሀጅር።

«አባ አፊፋ!»

«ሁለት።»

«ጭዱንስ አራግፈኸዋል?»

«ይራገፋል እንዴ?»

ሳቢሃ ሳቀች። አንዱ የከንፈሯ ጎን እንቢ ስላላት በግማሽ አፏ ነበር የሳቀችው፣ ግን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሙሀጅር ይሳቅ ያልቅስ ግራ ገብቶት ያያታል። ወንበር አስመጥታ መሐል ክፍሉ ላይ ተቀመጠችና ማዘዝ ጀመረች። ይሄ ሁሉ ይውረድ፣ ጭዱ ይጣል፣ የሰፈሩ ሴቶች ይጠሩ፣ ያ መስኮት ደግሞ ማነው እንዲህ ያጎደፈው?

አመሻሽ ላይ አፊፋ፣ «ኡሚ፣ እንሂድ» አለች።

«ወዴት? ጭቃው ጠዋትና ማታ መገልበጥ አለበት። ይሄን ሰውዬ ማን ሊጠብቀው ነው? ልብሴን ላኪልኝ።»

«ቤቱ እርጥብ ነው እኮ ኡሚ።»

«ሳሎን እተኛለሁ። ሳሎኑን የመረግኩት እኔ ነኝ፣ አይበቅልም።»

አፊፋ እኔን አየችኝ፣ እኔም ተያት ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ። ባጃጅ ይዛ ብቻዋን ሄደች።

ያ ጥቅምት ከነበሩን ጥቅምቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ፍራሹ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተሰጣ፣ መስኮቶቹ ሰማያዊ ተቀቡ፣ የበረንዳው የላላ ጣውላ ተመታ፣ የሙሀጅርም አውራ ጣት አብሮ ተመታ። እሱ ጭቃውን ሲረግጥ ሳቢሃ በረንዳው ላይ ሆና፣ «እየጨፈርክ ነው ወይስ እያቦካህ?» ትለዋለች። ጓሮ ያሉትን የቀሉ ቡናዎች በግራ እጇ እየለቀመች ጭኗ ላይ ታጠራቅም ነበር።

ግድግዳው ሊያልቅ ሲል፣ ሴቶቹ ሄደው እኔና እሷ ብቻ ስንቀር፣ ግራ እጇን ጭቃ ነክራ ሰፌድ የምታህል ቦታ መረገች። ተንጋደደ። ወደ ኋላ ብላ አየችውና፣ «ይሄን የሠራው ሰው ተጣልተሽው ነው?» አለች። ሳቅን። ከዚያ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

«ወርቅዬ፣» አለችኝ ጭቃዋን እያበሰች፣ «በደንብ መርጎት ቢሆን ኖሮ አልመለስም ነበር። ያን ቀን ስመጣ ይሄንኑ ፈርቼ ነው የመጣሁት። ቤቱ ያለኔ መቆም ከቻለ ምን ልሠራ እመጣለሁ ብዬ።»

ሚስጥር መያዝ አልችልበትም፣ ለሙሀጅር ነገርኩት። ሰማኝና ወደ ቤቱ ገባ።

ዘንድሮ ሙሀጅር ሙያውን ተክኗል። ጭዱን አራግፎ፣ ጭቃውን ሰባት ቀን ሙሉ አቡክቶ፣ የበረንዳውን ግድግዳ ብቻውን መረገው። እኔ እንኳ እንከን ፈልጌ አጣሁበት። በመጨረሻው ቀን ግን ሳቢሃ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ሳለ፣ ከማድ ቤት ወጥቶ ግራ ቀኙን ሲያይ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ከኪሱ አንድ እፍኝ ጤፍ አወጣና በሩ ጥግ ካለው እርጥብ ጭቃ ላይ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ በኋላም ጠዋት ጠዋት ከሶላት በፊት ለውዱእ በያዘው ማንቆርቆሪያ እዚያ ጥግ ላይ ውሃ ሲረጭ አይቻለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሳቢሃ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ፊቷ በርቷል። በከዘራዋ የበሩን ጥግ አሳየችኝ፣ አንድ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ በቅላለች።

«አየሽልኝ ይሄን ሰውዬ? ዘንድሮም አልቻለም!»

ሙሀጅር በረንዳው ላይ አንገቱን ደፍቶ መስኮት ይቀባል። ቀና ብሎም አላየኝ።

«እውነትሽን ነው» አልኳት። «ያለ አንቺ አይሆንለትም።»