ሮዙን የምትስልለት

ሰውዬው የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ከኋላው «ጋሽ ጠብታ» ይሉታል። ይህን ስም ያወጡለት ቤተ ሙከራ ውስጥ አሲዱ ላይ ቤዝ እያንጠባጠበ ሲያስተምር፣ «ጠብ! አሁንም አንድ ጠብ! ቀስ በሉ ልጆች፣ ጠብ ሲበዛ ሥራ ይበላሻል። ጠብ የሚበዛው ትዳር ውስጥ ነው!» ስለሚል ነው።

«ሰምቼሃለሁ!» ትላለች ባለቤቱ ከጠርሙስ መደርደሪያው ጀርባ። ባለቤቱ የዚያው ቤተ ሙከራ ረዳት ናት።

እግዚአብሔር ለዚህ ሰው የጎረቤት ወተት ሊገነፍል ሲል ከጎረቤቲቱ ቀድሞ የሚያውቅ አፍንጫ ሰጥቶታል። ጆሮውም ከአፍንጫው አያንስም። ቀይና አረንጓዴ የሚለይ ዐይን ግን ነፍጎታል። ልጅ ሳለ እናቱ የበሰለ ቲማቲም ልቀም ብላ ጓሮ ብትልከው ጥሬውን ሁሉ አራግፎት ገባ። እናቱም «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ብላ ደመደመች። ሰነፍ አልነበረም፤ ለእሱ ቲማቲም ሁሉ አንድ ነው። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ደግሞ ለእሱ ውሃ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ቆርጦት ኬሚስትሪ ገባ? ልቡን የነካው ቀመሩ ነው። በግራ የገባው ሁሉ አንዲት ሳትጎድል በቀኝ ይወጣል፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ይህን የሠራ አምላክ እኔንም አይጥለኝም አለና ገባ።

ኮሌጅ በተግባር ፈተና ቀን ጉድ ሊፈላ ነበር። ፈተናው መናገር የማይፈቀድበት ነው፤ አሲዱ ላይ ቤዝ እያንጠባጠቡ ፈዘዝ ያለ ሮዝ እንደ ሆነ መዝጋት ነው። አጠገቡ የቆመች ልጅ ዞር ስትል፣ ይህ ሰው ደም የመሰለ ፍላስክ ላይ አሁንም ቤዝ ያወርዳል። ሳለች። ቀና ብሎ አያት። ቤዙ የሚወርድበትን ቡሬት በዐይኗ እያሳየች አሁንም ሳለች። ዘጋው። በሁለተኛው ሙከራ ልክ ሮዙ ሲመጣ ሳለችለት፤ ዘጋ፤ አለፈ። ውጭ ጠብቆ «ስለ ሳልሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት።

«ሠዓሊ አይደለሁም» አለች ልጅቷ።

«ለእኔስ ሠዓሊዬ ነሽ» አላት። በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ አንድ ዓመት ስትስልለት ኖረች። ቀለሙ በመጣ ቁጥር አንዲት ቀጭን ሳል፤ እሱም ጠቅ አድርጎ ይዘጋል። አንድ ክፍል ተማሪዎች ኬሚካሉ ሳንባዋን ጨረሰው ብለው አዝነው አንድ ጠርሙስ ማር አመጡላት። ምን ትበል? አመስግና በላችው።

ያልታወቀ ንጥረ ነገር መለየት ላይማ የሚስተካከለው አልነበረም፤ አንዱን በጠረኑ፣ ሌላውን አሲድ ሲነካው በሚያሰማው ድምፅ ያውቀዋል። ቀለም የግድ ሲሆን ተማሪዎቹን ይጠይቃል። «ምን ታያላችሁ?» «ቀይ፣ ቲቸር!» «ቀይ ብሎ መልስ የለም! የድድ ቀይ ነው? የጡብ ቀይ? የተኛበት ጆሮ ቀይ?» ባልደረቦቹ ይህን የማስተማር ዘዴ ነው ብለው አደነቁ። እሱ ግን ፈርቶ ነው። ያለፈው ዓመት ጆሮው የደከመ አንድ መምህር መዝገብ ቤት ተወስዶ አቧራ ከለበሱ ፋይሎች ጋር ተቀምጧል። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እዚያ መቀመጥ ለእሱ በቁም መቀበር ነበር።

አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቆጣጣሪ ይመጣሉ፤ መምህሩ ራሱ ሠርቶ ያሳያል። ማክሰኞ ሲነጋ ሚስቱ ጉንፋን ጥሏት፣ አልነሳም እንዳለ አሮጌ መኪና ትስላለች።

«ዛሬማ ቡሬቱን ሳልከፍተው ሮዝ ሆኗል» አላት ቁርስ ላይ።

«አትሳቅ አንተ ሰው! ሌላ ምልክት ፈልግ።»

«አስነጥሺ።»

«እሱንስ መቼ ተውኩ?» አለችና አስነጠሰች።

«እንግዲያው ሮዙ ሲመጣ ‹ተመስገን› በይ። ጸሎተኛ መሆንሽን ሁሉም ያውቃል።»

«በፈጣሪ ስም ላታልል?»

«ምኑ ነው ማታለል? ሮዙ ከመጣ እውነትም ተመስገን ነው!»

አሰበችበት፤ የሚነቀፍ ነገር አጣችበት።

ተቆጣጣሪው ሸምገል ያሉ፣ ወፍራም ደብተር በብብታቸው የያዙ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ስም የሌለው ነጭ ዱቄት ሰጡት። መምህሩ አሲድ ጠብ አድርጎበት ጆሮውን አስጠጋ፤ ዱቄቱ ሽሽሽ አለ። «ካርቦኔት ነው» አለ።

«በጆሮ?»

«ዐይን ያታልላል፣ ጌታዬ።»

ደስ አላቸውና ጻፉ። ከዚያ ቡሬቱ ተከፈተ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ሠላሳ ስድስት ተማሪ ጸጥ ብሏል፤ የሚሰማው የሴቲቱ ሳል ብቻ ነው። ሽማግሌው አንጀታቸው አልችል አለ።

«እህቴ፣ ጉንፋን ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አሁንስ ተሻለሽ?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። በዕድሜዋ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጥታ አታውቅም። ፍላስኩ ግን ገና ውሃ ነው። ከንፈሯን ነከሰች።

«ይሻለኛል» አለች።

«አልተሻለሽም ማለት ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ!»

«ልጆችስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ቤተሰብ ሁሉ ደህና?»

«ሁሉም ደህና።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተኮሳተረ። «ምነው እህቴ! አንቺ ደህና፣ ልጆችሽ ደህና፣ ቤትሽ ደህና! ይህን ሁሉ ለሰጠ አምላክ አንዲት ቃል ይነፈገዋል? እንግዲያው እኔ ልበልልሽ፤ ተመስገን!»

ቡሬቱ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። የመምህሩ እጅ ቃሉን እንጂ ማን እንዳለው አልጠየቀም።

«አሥራ ስድስት ነጥብ ሁለት!» አለ የወረደውን ሚሊ ሊትር ከቡሬቱ አንብቦ፣ ፍላስኩን ከፍ አድርጎ። «እነሆ ሮዙ!»

ሠላሳ ስድስት ተማሪ ንጹሕ ውሃ አየ። ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

«የቱ ሮዝ?» አሉ። ወዲያው ወደ ሴቲቱ ዞሩ። «ቀለሙን የሚያመጣውን ጠቋሚ ሳትጨምሪበት ቀርተሽ ነው?»

«አዎ ጌታዬ፣ ረስቼው ነው። የእኔ ጥፋት ነው» አለች ፈጠን ብላ።

መምህሩ አያት። አንድ ቃል ባይናገር ያ ቀን ያልፍ ነበር፤ ቀይ መስመር የሚሰመረውም በእሷ ስም ላይ ነበር። ፍላስኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አልረሳችም፣ ጌታዬ። ጠቋሚው አለበት፤ ቀለሙም ገና አልመጣም። የማላየው እኔ ነኝ። ተወልጄም አይቼው አላውቅም። ሃያ አንድ ዓመት እሷ በሳል ትነግረኛለች። ዛሬ ጉንፋን ቢይዛት ‹ተመስገን› በይ አልኳት።»

«እና እኔ…» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎ አመሰገኑ፣ እኔ ዘጋሁ።»

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ሳቁን መዋጥ አቅቶት ጠረጴዛ ሥር ገባ። ተቆጣጣሪው ግን አልሳቁም።

«ቀለም የማያይ መምህር ያስተማራቸው ልጆች ምን እንደሚያዩ ማወቅ አለብኝ» አሉ። ባልና ሚስቱን በር ላይ አስቆሟቸው፤ ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው፣ ማንም ሳይናገር ያንኑ አሲድ እንዲለኩ አዘዙ።

መምህሩ በር ላይ ቆሞ በልቡ ይጸልያል። ከውስጥ የሚሰማው ጠብ፣ ጠብ ነው፤ ከዚያ ቡሬቶቹ ተራ በተራ ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ይዘጋሉ።

አሥራ ስምንት ፍላስክ ተሰለፈ። አንዱ ሃያ አራት ነጥብ አምስት፣ ሌላው ነጥብ ስድስት፤ ከነጥብ ሰባት ያለፈ አንድ ብቻ ነበር። የዚያ ባለቤት፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ፣ ፍላስኩን አላስረክብም አለች።

«ተበላሽቷል፤ እንደገና ልሥራ።»

«ሮዝ ሆኗል እኮ፣ ልጄ» አሏት።

«አይደለም፣ ጌታዬ! ይህ የድድ ነው። የሚቆመው የሕፃን ጥፍር ላይ ነው። አንድ ጠብ አልፎኛል።»

ሽማግሌው ፍላስኮቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ብዙ አዩ። የልጅቷ እውነትም ከሌሎቹ ይደምቃል። ሠላሳ ዓመት ሲቆጣጠሩ ሁሉንም ሮዝ እያሉ አልፈዋል። ደብተራቸውን ከፍተው ረጅም ጻፉ፤ መምህሩ ከበር ላይ የእስክሪብቶውን ድምፅ አዳመጠ።

«መዝገብ ቤት አትሄድም» አሉት በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ቡሬት አትነካም። የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ልጆቹ ናቸው። አንተ ጠይቃቸው። አንቺም እህቴ፣ ሄደሽ ተኚ።»

ሚስቱ ግን አልሄደችም፤ ነጠላዋን ተከናንባ መደርደሪያው አጠገብ ተቀመጠች። እሱም እጁን ምን ላይ እንደሚያሳርፈው ጨንቆት በተማሪዎች ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ያቺ ልጅ እንደገና ከፈተች፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ዘጋች።

«ምን አየሽ?» አላት። ይህን ጥያቄ ሺህ ጊዜ ጠይቆታል፤ ሳይፈራ ሲጠይቀው ግን የመጀመሪያው ነው።

ልጅቷ ፍላስኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀናችው። መምህሯን አየች፤ ወደ ሚስቱ ዞር አለችና እንደገና እሱን አየች።

«እንዴት ልንገርዎት፣ ቲቸር… ቅድም ስለ እሳቸው ሲናገሩ ጆሮዎ ላይ የመጣው ቀለም ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ እጁን ሰድዶ ጆሮውን ነካ። ይሞቃል።