የጋኑ ትንፋሽ ለውሃው ሣር

የዓሣ ሣጥናችን ከመስኮት መስተዋት የተሠራ ነበር። አርብ ገበያ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ስማር የሳይንስ መምህራችን የቤተ ሙከራውን የመስኮት መስተዋቶች ከዳይሬክተሩ ተውሶ በማስቲሽ አያያዛቸው። አሸዋና ውሃ ጨመርን፤ ከወንዝ ያመጣነውን ሣር ተከልን፤ ጣት የማያክሉ ዓሦችም ለቀቅንበት። ሐሳቡ ተክል በብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ በዓይናችን እንድናይ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሣሩ ቢጫ ሆነ። በባዶው መስኮት ደግሞ የጋይንት ብርድ እንደ ልቡ ይገባ ነበር። ዳይሬክተሩ፣ ጓድ ነበር የምንላቸው፣ አንድ ቀን በኮታቸው ተጠቅልለው መጡና እስከ ወላጆች ቀን ሣሩ ካልለመለመ መስተዋቱ ወደ መስኮቱ እንደሚመለስ ነገሩን።

ሣጥኑን እንድጠብቅ አደራ የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ። ከጋይንቷ ቤተ ልሔም አካባቢ መጥቼ አክስቴ ዘንድ ተጠግቼ እማር ስለነበር፣ እንዲህ ያለ አደራ በቀላሉ የማገኘው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሣሩ እንዳይሞት ቆረጥኩ። መምህራችንን ስጠይቀው ብርሃኑ በቂ ነው፤ የጎደለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው አለኝ። ሌላ አገር በብረት ሲሊንደር ታሽጎ ይሸጣል፤ እዚህ ግን የለም። ከየት ማግኘት እንደሚሻል እኔው እንድመርጥና ምክንያቴን እንዳስረዳው አዘዘኝ።

በመጀመሪያ የራሳችንን ትንፋሽ ሞከርን። ከክሊኒክ የተጣለ የጉሉኮስ ቱቦ አጥቤ፣ ጫፉን ውሃው ውስጥ ነክሬ፣ እስኪያዞረኝ ድረስ ነፋሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው የክፍል ጓደኛዬ «ዓሦቹን ዋሽንት እያስተማርሽ ነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ቀጥዬ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ላይ ሎሚ ጨመቅኩ። በደንብ ፈላ፤ ግን ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጸጥ አለ። ሎሚ ደግሞ ከቆላ የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። የከሰል ጭስ እንሞክር ብል፣ መርዝ አለበት ብሎ መምህራችን ከለከለኝ።

በዚያ ሰሞን የማርያም ማኅበር ተራው የአክስቴ ነበር። የጠላው ድፍድፍ ጋን ውስጥ ገብቶ አፉ በጭቃ ተመርጓል። ምሳ ልበላ ስገባ ከጭቃው ስንጥቅ እስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ክብሪት ጫርኩና አስጠጋሁት፤ ነበልባሉ ወዲያው ጠፋ፤ የምፈልገው ጋዝ እሳት እንደሚያጠፋ ተምረናል። ከዚያ በኋላ ምሳው አልታየኝም።

«እቴቴ፣ ከድፍድፉ ትንሽ ይስጡኝ» አልኳቸው፤ ለምን እንደፈለግኩትም አስረዳሁ።

«ማኅበርተኛው ሳይቀምሰው ለዓሣ?»

ካልተባረከ እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ጠላውን ሳይሆን ትንፋሹን ብቻ ብወስድስ አልኳቸው። አክስቴ ጋኑንም እኔንም ተራ በተራ አዩን።

«ትንፋሹንማ ማን ሲጠጣው ታየ፤ ውሰጂ። ጠላዬ ከቆመጠጠ ግን ማኅበርተኛው ፊት ቆመሽ የምትናገሪው አንቺ ነሽ።»

ቆዳው ካለቀ ኳስ የወጣ ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ለመንኩና ከቱቦው ጋር አጥብቄ አሰርኩት። የቱቦውን ሌላ ጫፍ በስንጥቁ አስገባሁ፤ አክስቴም ጭቃ አቡክተው ዙሪያውን ራሳቸው መረጉት። ጠዋት ስነሣ ከመነዳሪው ተነፍቶ ጋኑ ላይ ተኮፍሷል። አፉን ቋጥሬ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩትና በገበያተኛውና በአህያው መካከል እየተጋፋሁ ትምህርት ቤት አደረስኩት።

ሁሉም ከበበኝ። ቱቦውን ውሃው ውስጥ ነክሬ ስከፍተው ትልልቅ አረፋ እየተንቦጨቦጨ ወጣ፤ ላይ ደርሶ ፈነዳ፤ አለቀ። ያ ጓደኛዬ «ጠላው ሸቷቸዋል፣ አሁን ይጨፍራሉ» አለ። እኔ ግን ጋዙ ከውሃው ጋር የሚቆይበት ቦታ እንደሚያስፈልገው ገብቶኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከመነዳሪውን ከጋኑ እንደገና አስነፍቼ መጣሁና ብርጭቆ በውሃ ሞልቼ ሣጥኑ ውስጥ በአፉ ደፋሁትና ቱቦውን ከሥሩ አስገባሁ። ጋዙ ብርጭቆው ውስጥ ታጉሮ ቀረ። የጉሉኮሱን ጠብታ መቆጣጠሪያ እያጠበብኩ ጥቂት ጥቂት ለቀቅኩለት። ከሰዓት በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ብሎ አገኘሁት፤ ጋዙ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ነበር። ማታ ሣሩ ስለማይጠቀምበት፣ ዓሦቹም ሊታፈኑ ስለሚችሉ፣ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት ብርጭቆውን አወጣለሁ። እንዲህ እያደረግኩ ስቀጥል ከቢጫው ሣር መካከል አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። ፀሐይ ስታርፍበትም ደቃቅ አረፋ ጤዛ መስሎ ቅጠሉ ላይ ይደረደር ጀመር።

የወላጆች ቀን ግን ገና ነበር። የማኅበሩ ዕለት ጋኑ ሲከፈት ጋዜም ያበቃል።

በዕለቱ ቄሱ ባርከው ጠላው ተቀመሰ። የአክስቴን ፊት አየሁ፤ አልቆመጠጠም። ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ፣ ለጎረቤታችን ሲሰጥ መቅጃውን አስቀመጥኩና መሐል ቆሜ የእሳቸውም ጋን ትንፋሽ ለሣሩ እንዲሰጠኝ ለመንኩ። አንዳንዶቹ ነገሩ አልገባቸውም።

ቄሱ «ልጄ፣ ዓሣው ማኅበር ልግባ አለ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«አይ አባ፣ ሣሩ ነው።»

ጽዋውን የያዙት ሴትዮ አልሳቁም። ጠላው በዚህ አይበላሽም ወይ ብለው አክስቴን ጠየቋቸው። አክስቴም «እየጠጣሽው አይደል እንዴ?» አሏቸው። ሴትዮዋ ዋንጫቸውን ጨረሱና እኔም ድፍድፍ ስይዝ ኳስሽን ይዘሽ ነይ አሉኝ። እስከዚያ በሎሚና በእንቁላል ቅርፊት፣ ሎሚ ሲጠፋም በራሴ ትንፋሽ አቆየሁት።

በወላጆች ቀን ሣሩ የውሃው ፊት ደርሶ ነበር። መምህራችን በሰው ሁሉ ፊት ምርጫዬን ጠየቀኝ። ትንፋሻችን እንደሚያደክም፣ ሎሚ ዓርብን እንደሚያስጠብቅ፣ የማኅበር ጠላ ግን ከቤት ቤት እየዞረ በየወሩ እንደሚጠነሰስ አስረዳሁ። ዳይሬክተሩ ሣጥኑን ዞረው አዩ፤ ባዶውንም መስኮት አዩ። ከዚያ ዘበኛውን ጠርተው መስኮቱ ላይ ሳንቃ እንዲመታበት አዘዙት።