ጫማ ሰፊው የመሰከረለት ልጅ

የማኅበሩ ጸሐፊ ከመንገዱ ማዶ ስትመጣ ጫማ ሰፊው መጀመሪያ ያየው እግሯን ነበር። ሙያ ሆኖበት ሰውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው። ሁለቱም ተረከዞቿ ደህና ነበሩ።

«ምን ተበላሸብሽ ልጄ?»

«ጫማ አይደለም ጋሼ» አለችና ደንበኛ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። «ስለ ልጁ ነው።»

ልጁ የታናሽ እህቱ ልጅ ነው። አንድ ቦታ ስለማይረጋ ሰፈሩ ቁንጫ ይለዋል። ማኅበሩ መንገድ መሳት የጀመሩ ወንዶች ልጆችን እየመረጠ ባሕር ማዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ይልካል፤ ቁንጫ ከሄደ ሰባት ወሩ ነው። ጸሐፊዋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሆነውን ነገረችው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በተነሳ ግርግር አንድ ተማሪ ጭኑን በስለት ተወግቷል። ከኋላው ስለተወጋ ማን እንደሆነ አላየም፤ አየሁ የሚልም አልተገኘም። ትምህርት ቤቱ የልጆቹን መዝገብ ቢያገላብጥ «ቢላ ይይዛል» የሚል የተገኘው በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

«የእኛ?»

«የእኛ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ፖሊስ ወስዶታል። የልጆች ማቆያ ነው ይላሉ፤ እስር ቤት አይሉትም።»

ጫማ ሰፊው ወስፌውን ሶሉ ላይ እንደተሰካ ተወው። ያን ቃል ማን እንዳስጻፈው መጠየቅ አላስፈለገውም።

ከፋርማሲው ግድግዳ ሥር፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ብዙ አያወራም። ምስማር በከንፈሩ ስለሚይዝ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። የሰፈሩን ልጅ በሶሉ ያውቀዋል፤ ኳስ የሚመታው አፍንጫው ያልቃል፣ አጥር እየዘለለ ከትምህርት ቤት የሚጠፋው ጎኑ ይሸረፋል። የራሱም አንድ ልጅ ነበረው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ከማዕዘኑ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ የማይመለከተውን ጠብ ሊገላግል ገብቶ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ጫማ ሰፊው በሁለተኛው ሳምንት ሥራው ላይ ተመለሰ። ቦታ ቀይር ያሉት ነበሩ። «ደንበኛ ከዚያ የት ብሎ ይፈልገኛል?» አላቸው።

ቁንጫ አሥራ ሦስት ሲሞላው የታላላቆቹን ልጆች መልእክት ማድረስ ጀመረ። የተጠቀለለ ነገር ከዚህ ወስዶ እዚያ ይሰጣል፤ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። ጫማ ሰፊው ያ መንገድ የት እንደሚያደርስ ያውቀዋል። ልጁን ከሰፈሩ ማውጣት አለብኝ ብሎ ቆረጠ።

ችግሩ ማኅበሩ ጨዋ ልጅ አለመውሰዱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደብተሩን በወጉ የያዘ ሁሉ «ይኼ ደሞ ምን ሆነ?» እየተባለ ተመለሰ። ሰፈሩም ብልሃቱን ተማረ። እናቶች በር ላይ ቆመው «የኔን ልጅ ለአንድ ሳምንት ሌባ የሚያደርግልኝ ማነው?» ይባባሉ ነበር። አንዷማ ልጇን የጎረቤት መስኮት ስበር ብትለው «ከዛ ደሞ አንቺው ልትገርፊኝ!» ብሎ አመለጣት ተብሎ ሲሳቅ ከረመ።

ለእያንዳንዱ ልጅ ከቤቱ ውጭ የሆነ የሚያውቀው ሰው ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ለቁንጫ የቀረበው አጎቱ ነው። የማኅበሩ ኃላፊ ብዕሩን ይዞ ጠየቀው።

«ይሰርቃል?»

«ኧረ!»

«ይጠጣል?»

«ገና ልጅ እኮ ነው።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው አደጋው፣ ጋሼ? ስንት ልጅ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው።»

ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ሊቀመጥ ሲል ጫማ ሰፊው «ቢላ ይይዛል» አለ።

ውሸት አልነበረም። ቆዳ የሚቆርጥበትን ቢላ በየሳምንቱ ብረት ሠራተኛው ዘንድ ወስዶ የሚያስሞርድለት ቁንጫ ነው፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይወስዳል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመልሳል። እውነትም አልነበረም። ኃላፊው ግን አንገቱን እየነቀነቀ ጻፈው።

ለመንገዱ ጫማ የሰፋለት ራሱ ነው፤ እግሩ እስኪያድግ ብሎ አንድ ቁጥር አስበልጦ።

«አጎቴ፣ ይኼ እኮ ጀልባ ነው!»

«ባሕር ልትሻገር አይደል እንዴ?»

ጸሐፊዋ ወሬውን የነገረችው ዕለት ዕቃውን ሳይሰበስብ ተከትሏት ወጣ። ቢሮው ከፋርማሲው በላይ ነው። ኃላፊው ፊት ቆሞ «ጻፉልኝ» አለ። «ቢላው የኔ ነው። ልጁን ላስሞርድ እልከዋለሁ እንጂ የራሱ ስለት ይዞ አያውቅም። የተናገርኩት እኔ ነኝ።» ጸሐፊዋ ጻፈችው፤ እሱም ፈረመ። ኃላፊው አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ይኼን ብልክላቸው ምን ይላሉ? በአንዱ ከዋሻችሁ በሌሎቹም ዋሽታችኋል ነው የሚሉት። እዚያ አሥራ አንድ ልጅ አለን። ሁሉንም ጠቅልለው ይመልሷቸዋል።»

«የኔስ?»

«ፍርድ ቤቱን እንጠብቅ። ልጅ ነው፣ ይራሩለታል።»

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ጫማ ሰፊው ጠረጴዛውን መምታት አማረው፤ እጁ ግን አልተነሳለትም። ከአሥራ አንዱ ለአራቱ የመሰከረው እሱ ነው። ስለነሱም ምን ብሎ እንደነበር አልረሳውም። እናቶቻቸው በየቀኑ በፊቱ ያልፋሉ፤ አንዷ ትናንት የልጇን ፎቶ አሳይታዋለች፣ ክራባት አድርጎ።

ማቆያው ሐሙስ ዕለት አሥር ደቂቃ ስልክ ፈቀደ። እህቱ ከምትሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ማኅበሩ ቢሮ መጣች። «በልተሃል? ይበርድሃል? ማን ነካህ?» እያለች መልሱንም አልጠበቀች። ልጁ አጎቴን ስጪኝ አላት።

«አጎቴ፣ ማነው ቢላ ይይዛል ያላቸው?»

እህቱ ጆሮዋን ስልኩ አጠገብ አድርጋለች።

«አንተ ምን አልካቸው?»

«እውነቱን ነዋ! የአጎቴን ቢላ ላስሞርድለት ነው የምወስደው አልኳቸው። አስተርጓሚው ጻፈ፣ ጻፈና ሲያነብልኝ ‹ቢላ እይዝ ነበር ብሎ አምኗል› ይላል። እንደዛ አላልኩም ስለው ፈርም አለኝ። አንተ ንገራቸው እንጂ። ትልቅ ሰው ነህ፣ ያምኑሃል።»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«እነግራቸዋለሁ፣ ልጄ።» ሌላ ድምፅ በማያውቁት ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረና መስመሩ ተዘጋ።

ደረጃውን ሲወርዱ እህቱ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «ወንድም ጋሼ፣ ያን ነገር በልጄ ላይ ያስጻፈ ሰው አፉ ይድረቅ! ምን አድርጎት ነው? ማንን ነክቶ?»

«ቀስ በይ» አላት ክንዷን ይዞ። «ደረጃው ቀጥ ያለ ነው።»

በማግሥቱ ጸሐፊዋን መንገድ ላይ ጠብቆ የትምህርት ቤቱን አድራሻ ለመናት፤ ቃሌን አስጽፌ ራሴ እልከዋለሁ አላት። ወደ ቢሮው መስኮት ቀና ብላ አየች። «ሥራዬን አጣለሁ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብላ አለፈች። ሌላ የሚያውቀው ሰው የለውም። አገሩ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ በጣቱ አያሳይም። ተመልሶ ቁጭ አለና የአንዲት ነርስ ጫማ ሶል ለወጠ።

ፍርድ ቤቱ የቀጠረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የፈረመበት ወረቀት ከኃላፊው መሳቢያ አልወጣም። እህቱም ቃሉ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተነገራትም።